የመጀመሪያው ኩባያ

«የጋሽ ናሆም ምላስ ሞቷል» ይላሉ እትዬ ሶሊያና። ሰኞ ይላሉ፣ ማክሰኞ ይላሉ፤ ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይላሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የግራር ሥር ሰው ጀሪካኑን ይዞ ቦኖው ፊት ሲሰለፍ፣ እሳቸው ከሰልፉ መሀል ይቆሙና ከፊታቸው ላለውም ከኋላቸው ላለውም እኩል ያዳርሳሉ።

«ስኳርና ጨው አይለይም አሉ። ልጁ ቤት ሄዶ ሻዩ ውስጥ ጨው አድርጎ ጠጣና ‹እጅሽን ይባርከው› ብሏት ተነሣ አሉ።»

«ማን አለ?» ይሏቸዋል።

«ሰው።»

በግራር ሥር የውሃ ቀማሽ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ማውራት፣ በአብራሪ ላይ ዐይኑ ጠፍቷል ብሎ እንደ ማውራት ነው፤ ያውም ተሳፋሪው ሁሉ ከተሳፈረ በኋላ።

ግራር ሥር ከአቃቂ ዝቅ ብሎ ያለ ሰፈር ነው፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነፍስ ይኖርበታል። እንደ ከተማው ሰፈር ሁሉ የራሱን ውሃ ይጠጣል። ወንዞቹ በሲሚንቶ ከተከደኑ ወዲህ፣ ማለትም ከሁለት ሺህ አምሳ ስምንት ጀምሮ፣ ያው አንድ ውሃ ነው። ይጠጡታል፣ ይታጠቡበታል፣ ይሸኑታል፣ በቱቦ ይመለሳል፣ ይጠራል፣ እንደገና ይጠጡታል። አንዱ መመለሻ «ዙር» ይባላል። ልጆች ሲጣሉ «የአያትህን ሽንት ነው የምትጠጣው» ይባባላሉ፤ እውነት ስለሆነ ስድብነቱ ከቀረ ቆይቷል።

ቆሻሻውን ማውጣት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ኪኒን ነው። የግራር ሥር ሰው በአማካይ በቀን ሰባት ኪኒን ይውጣል፦ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የጨጓራውን፣ የእንቅልፉን፣ የሐሳቡን። ከዋጠው ሲሦው በሰውነቱ አልፎ ወደ ቱቦው ይገባል። ዝም ቢባል እንቅልፍ ያጣ ሰው የዋጠውን፣ ጤነኛው ጎረቤቱ ይተኛበታል።

ዝም እንዳይባል የምታደርገው አሰገደች ነች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የተሰናበተችው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እሷ ግን «ያሰናበትኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ቀሪውን ሰው ከጣለው ወረቀት፣ ከተዘጋ የሸክላ ፋብሪካ እቶንና ከተቃጠለ ጣቷ ተማረችው። ሥራዋ ከሰል መሥራት ነው። የቡና ገለባ፣ የቀንድና የሰኮና ፍቅፋቂና ቀይ አፈር ትቀላቅላለች። አየር በማይገባበት እቶን፣ ሲያንኳኩት እንደ ብርጭቆ እስኪጮህ ድረስ ትጋግረዋለች። ምስር ምስር አሳክላ ትፈጨውና በቦኖው ጀርባ ባለው መደብ ላይ ታነጥፈዋለች። ውሃው በዚያ ላይ ሲያልፍ ነጭ ዱቄት ይበተንበታል፤ ዱቄቱ ጉልበቱ ነው፣ ከሰሉ እጁ። ኪኒኑን ቆራርጦ እንዳልነበረ ያደርገዋል።

«ማጣሪያሽ እንዴት ነው?» ያላት ሰው አይድንም።

«ማጣሪያ የሻይ ነው። የእኔ መቀስ ነው።»

የሰፈሩን ምክር ቤት ሊቀ መንበር አቶ ኪሩቤልን በስብሰባ ላይ «እርስዎ የሚያውቁት ከሰል በቆሎ የሚጠበስበትን ነው» ብላቸዋለች። ሰውየው ሳቁ፤ ሌላ የሚያውቁት ከሰል አልነበራቸውም።

ድሮ ውሃው መደቡ ላይ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይቆይ ነበር። ሰልፉ እስከ ሦስት ሰዓት አይበተንም፤ ሥራ የሚረፍድበት፣ ልጅ የሚያለቅስበት፣ ትዳር የሚፈርስበት ሰልፍ ነበር። አሰገደች ሙከራዎቿን ትቆጥራለች፤ በአርባ አንደኛው ጊዜው ሃያ ደቂቃ ሆነ። ይህ በሁለት ሺህ ሰባ መስከረም ላይ ነው። ውሃውን የሚፈትሸው መለኪያ መሣሪያ ሁለት መቶ አሥራ አራት የመድኃኒት ስም ያውቃል፤ የሁሉንም ስም ጠርቶ የሁሉንም ዜሮ አለ። ከሌላ ሰፈር ሰው እየመጣ መደቡን ያይ ጀመር። አሰገደች ስታስጎበኝ እጇን ኋላዋ አጣምራ ነበር፤ አጠገቧ ጄኔራል ቢቆም ሰላምታ የሚሰጠው እሱ ይሆን ነበር።

ታዲያ በመለኪያውና በሰው ኩባያ መካከል አንድ ነገር ይቀራል። ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምሰው ሁሉ፣ በግራር ሥርም የጠዋቱን የመጀመሪያ ኩባያ ቀማሽ ሳይጠጣው ሌላ ሰው አይቀዳም። ማን እንደደነገገው አይታወቅም። መለኪያ ተበላሽቶ ያውቃል፤ ሰው ፊት ቆሞ ራሱ የሚጠጣን ሽማግሌ ግን አለማመን ነውር ነው።

ጋሽ ናሆም ሥልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ከምግብ ቤት ወደ ሰው ቤት ምግብ በሞተር ያደርሱ ነበር። ሰፈሩ የመረጣቸውም በዚህ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ምሳ ተሸክሞ አንድ ድንች ያልነካ ሰው ይታመናል ተብሎ። ጠዋት ይመጣሉ፣ ኩባያውን ሞልተው ይቀዳሉ፣ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘውት ሰማዩን ያያሉ፣ ይውጡታል። የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ከዚያ ኩባያውን ድንጋዩ ላይ ደፍተው «በስሏል፤ ጠጡ» ይላሉ፤ ቃሉንም የቦኖው መዝገብ ላይ በእጃቸው ይጽፉታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ «ጥሬ ነው» ያሉት አራት ጊዜ ብቻ ነበር። ጥሬ ካሉ ውሃው ተመልሶ ሌላ ዙር ይሄዳል፣ ሰውም ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይጠብቃል።

በሰባ አንድ የካቲት ላይ ግን በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ «ጥሬ ነው» አሉ።

በዘጠነኛው ቀን አሰገደች መለኪያውን ይዛ ሰልፉ ፊት መጣች።

«ጋሽ ናሆም፣ ዜሮ ነው የሚለው። ይመልከቱት።»

«አየሁት ልጄ። የሚያውቀውን ጠይቀሽው ነው የመለሰልሽ።»

«እርስዎንስ ማን ጠይቆዎት ነው የሚመልሱት?»

ሰልፉ ሳቀ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ።

«ምን ምን ይላል ታዲያ?» አለች።

«ምን ምን አይልም። ጥርሴን ያጠርሰዋል።»

«ጥርስዎን ያጠረሰው ዕድሜ ነው።»

አሁን ሰልፉ በደንብ ሳቀ። ጋሽ ናሆም ኩባያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «ውሃው ግን ጥሬ ነው። መደቡ ላይ ትንሽ ቢቆይስ?»

«ስንት ይቆይ?»

«እንደ ድሮው።»

ይህንን ነው ያልቻለችው። መለኪያውን ቢሰድቡት ትችል ነበር። አርባ አንደኛው ማለት እኮ ሃያ ደቂቃ ማለት ነው፤ ሃያ ደቂቃው ከተነሣ የሚቀረው ገለባና ሰኮና ነው። አርባ ጊዜ የተቃጠለችበትን፣ ሰው «የከሰል እብድ» ያላትን፣ ያለ አስተማሪ ያገኘችውን ነገር አንድ ሽማግሌ በጥርሱ ሊመልስባት ነው።

አሰገደች ወሬ ትንቃለች። እትዬ ሶሊያና አጠገቧ ሲመጡ ጆሮዋን ዳባ ታለብሳለች። ነገር ግን የማይወዱት ሰው መኪና ላይም ቢሳፈሩ መንገዱ ያደርሳል። ምክር ቤቱ ፊት ቀርባ «ስለ ቀማሹ ምላስ ወሬ አለ። እውነት ከሆነ ይታወቅ፤ ውሸት ከሆነም ለእሳቸው ክብር ሲባል ይታወቅ» አለች። ንግግሯ አማረ። እሷም ማማሩን አወቀች።

መጋቢት አሥራ ስድስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦኖው ፊት ጠረጴዛ ወጣ። አምስት ኩባያ ተደረደረ፤ በየኩባያው ያለውን የቀላቀለችው አሰገደች ናት። አንዱ ስኳር፣ አንዱ ጨው፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ የግራዋ ጭማቂ፣ አንዱ ከዚያው ከቦኖው የተቀዳ ውሃ። ሰው የመጣው ለሰርግ በሚመጣበት ልብስ ነበር። ጋሽ ናሆም ንጹሕ ጋቢ ለብሰው መጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዐይናቸውን የጨፈኑት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም ጨፍኑ አላላቸውም።

የመጀመሪያውን ቀመሱ። ስኳር ነው።

«ውሃ» አሉ።

ሁለተኛው ጨው ነው። «ውሃ» አሉ፤ ከመጀመሪያው ቀስ ብለው።

ሦስተኛውን በአፍንጫቸው አወቁት፤ «ሎሚ።» አራተኛው ጋ ሲደርሱ ብዙ ያዙት። ግራዋ ሕፃን እንኳ የሚያስጮህ ነገር ነው። ፊታቸው ላይ የተንቀሳቀሰ ጅማት የለም።

«ውሃ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወይ አምላኬ» አለ፤ በሐዘን ይሁን በደስታ አልታወቀም። አምስተኛውን አነሡ። ሲጎነጩ መንጋጋቸው ትንሽ ጠበቅ አለ።

«ይሄ ጥሬ ነው» አሉ።

ሳቁ ከቦኖው እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። እትዬ ሶሊያና በሳቁ ላይ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ…» ብለው ተዉት። የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድንጋይ ነህ ተብሎ እንዳይጣል ነው።

ጋሽ ናሆም ዐይናቸውን ገለጡ። አሰገደችን እንጂ ሌላ ሰው አላዩም።

«እውነታቸውን ነው። ጨውና ስኳር ከለየሁ ስድስት ወር ሆነኝ። መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ጥርሴ ግን አልዋሸም።»

«የሁለት ሺህ ሰው ውሃ ላይ በጥርስዎ ሲፈርዱ ነው የከረሙት?»

«አዎ ልጄ።»

«በቃ» አለች አሰገደች ለአቶ ኪሩቤል። «ሌላ ምን ይጠየቃል?»

ሌላ የሚጠየቅ ነበረ። የሰው ምላስ ለምን ይሞታል? ይህንን በዚያ ቅዳሜ የጠየቀ አልነበረም። ምላስ እንደ ጎማ ያልቃል ብሎ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ አመነ፤ አሰገደችም ከሰፈሩ ጋር። ጋሽ ናሆም ኩባያቸውን ድንጋዩ ላይ ሳይደፉት አስቀምጠው ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃቸውን ጭነው ዱከም ልጃቸው ቤት ገቡ። በእሳቸው ቦታ ቦኖው ላይ አረንጓዴ መብራት ተሰቀለ። መለኪያው ዜሮ ሲል ይበራል። ሁልጊዜ ይበራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ደኅና ኑሮ ነበር። ሰልፉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አያልፍም። ሱቆቹ ጨው በኪሎ መሸጥ ትተው በአምስት ኪሎ ከረጢት ማምጣት ጀመሩ፤ ገዢው እንደዚያ ስለፈለገ። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ልጆቹ ሽሮው ጨው የለውም እያሉ ስለሚመልሱ የጨው ማንኪያዋን በጭልፋ ለወጠች። ሚጥሚጣ ጠረጴዛ ላይ ከውሃ ጋር እኩል የሚቀመጥ ነገር ሆነ። ሁሉም በወር አንድ ቁንጥር ነው የጨመረው። በወር አንድ ቁንጥር ማን ያያል?

ጥር ሰባ ሁለት ላይ እትዬ ሶሊያና የልጅ ልጃቸውን ዳሩ። ሙሽራው የሰንዳፋ ልጅ ነው፤ ከሰንዳፋ አርባ ያህል ሰው አጅቦት መጣ። የመጀመሪያው የዶሮ ወጥ ወጣ። የሙሽራው አክስት በእናትነት ወግ ቀድመው ጎረሱ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጉርሻውን መለሱት።

«ምነው?» አሉ እትዬ ሶሊያና።

«ኧረ ምንም። ጨው ትንሽ በዛበት መሰለኝ።»

«ጨው? እኛ እንዲያውም አልጫ ሆነብን ብለን ስንጣላ ነው ያደርነው።»

ከሚዜዎቹ አንዱ ከጎረሰው ጋር ታግሎ ውጦት እንባውን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ ይሄ ዶሮ አሞሌ ተሸክሞ ነው እንዴ ከዳሎል የመጣው?» አለ።

ሰንዳፋዎቹ ሳቁ። ግራር ሥሮቹ አልሳቁም። ደግሰው በጠሩት ሰው ወጥ መነቀፍ ቀልድ አይደለም፤ የሙሽሪት አጎት ከወንበሩ ተነሣ፣ ሚዜው ሳህኑን ገፋ፣ «የእኛ ልጅ እጅ ለእናንተ አልጣመም?» «ልጅቷን ማን አነሣት?» ተባባሉ።

አሰገደች ከሙሽሪት ወገን ጋር ተቀምጣ ነበር። ጠቡን አልሰማችም። ሳህኖቹን ነበር የምታየው። ከሰንዳፋ የመጣ ሰው ሁሉ ሳህኑ ሙሉ ነው። የግራር ሥር ሰው ሁሉ ሳህኑን ጠርጎ ጨርሷል። በመካከላቸው አንድ እንኳ የተሳሳተ የለም፤ በገመድ የተከፈለ ይመስላል። ከራሷ ሳህን መረቅ በጣቷ ነክታ ቀመሰች። እሷ እንዲያውም ከጎረሰች ጀምሮ «ጨው ጎድሎታል» ስትል ነበር።

ተነሣች። ከጠረጴዛው የውሃ ማንቆርቆሪያ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ወደ ሙሽራው አክስት ሄደች።

«እማማ፣ ይህቺን ይቅመሱልኝ።»

«ተባረኪ፤ አፌን ላጥበው» ብለው ተጎነጩ። መንጋጋቸው ትንሽ ጠበቅ አለ።

«ሎሚ ጨምራችሁበታል እንዴ?»

«አልጨመርንም።»

«ታዲያ ጥርሴን ለምን አጠረሰኝ?»

አሰገደች ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበለች። አመሰገነች። ከዳሱ ወጥታ በሰርግ ጫማዋ ወደ መደቡ ሄደች።

ሃያ ሊትር ውሃ በሰፊ ትሪ ላይ አድርጋ በዝግታ እሳት አደረቀችው። ዜሮ የተባለ ውሃ ሲደርቅ መቅረት ያለበት እንደ ዱቄት የሳሳ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ትሪው ላይ የቀረው ግን ቡናማ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቅባት ነበር። መለኪያውን ደገነችበት። ዜሮ አለ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ስሞች እውነትም የሉም ነበር። ያለው በየዙሩ እየተጠራቀመ የመጣ የእነሱ ስብርባሪ ነው፤ ስብርባሪ ደግሞ ስም የለውም። መቀሱ እያንዳንዱን ኪኒን ወገቡ ላይ ቆርጦት ነበር፤ ቀሪውን ቆራርጦ ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል። ያንን ጊዜ የወሰደችበት እሷ ናት። ከቅባቱ የሰናፍጭ ፍሬ ታህል ፊት ጥርሷ ላይ ነካችው። ምላሷ ምንም አላላትም። ጥርሷ ጠረሰ።

ጋሽ ናሆም የመጀመሪያውን ኩባያ ይጠጡ ነበር፤ ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ ያደረውን፣ ከሁሉ የወፈረውን፣ ያውም ሞልተው። ሌላው ሰው ከዓመት በኋላ የደረሰበት ቦታ እሳቸው ቀድመው ደረሱ። ምላሳቸው መሞቱ ቀማሽነታቸውን አላበላሸውም። ቀማሽነታቸው ያ ነበር።

በማግሥቱ አርባ አንደኛውን በአካፋ ከመደቡ አወጣችው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። ለምክር ቤቱ «ማሻሻያ ላይ ነኝ፤ ውሃው ለጊዜው እንደ ድሮው ይቆያል» አለች። ማሻሻያ። ስብሰባው ላይ የጋሽ ናሆምን ስም ለማንሣት ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ ስለ ሰኮና አወራች። ሰልፉ እንደገና እስከ ሦስት ሰዓት ረዘመ። እትዬ ሶሊያና «ይቺ ልጅ እጇ ሞቷል አሉ» ማለት ጀመሩ።

አቶ ኪሩቤል ለአዲሱ መደብ «ለከተማው ላቦራቶሪ ናሙና ልከሽ ብታረጋግጪስ?» ብለዋት ነበር። ሳቀችባቸው። የላቦራቶሪው ወረፋ ዓመት ከሩብ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የሚልክም የለም። ትሪዋን ይዛ ሠራች። ሙከራ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ እየተባለ አምሳ ሁለት ደረሰ። አምሳ ሁለተኛው አምሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ትሪው ላይ ግን ነጭ ዱቄት እንጂ ሌላ አይተውም።

ይህ ሦስት ወር ፈጀ። በሦስቱ ወር ውስጥ ዱከም ለመሄድ ያላሰበችበት ቀን የለም። በባቡር አርባ ደቂቃ ነው። ነገር ግን ሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድም፤ ሽማግሌ ቤት ይልቁንም፤ የበደሉት ሽማግሌ ቤት ደግሞ ጭራሽ። ይዛ የምትሄደውን ነገር ታውቀዋለች። ሦስት ሊትር የበሰለ ውሃ። እሳቸው በጥርሳቸው ይፈርዱታል፤ «በስሏል» ካሉ በኋላ እሷ የምትለውን ትላለች። ከዚያ በፊት መሄድ ግን ልመና ይሆንባታል። ለምና አታውቅም።

ሚያዝያ ላይ ጠርሙሱን ሞልታ ሄደች። በሩን የከፈተችው የጋሽ ናሆም ልጅ ይርገዱ ጥቁር ለብሳለች።

«ከግራር ሥር ነኝ» አለች አሰገደች። ዐይኗ ልብሱ ላይ ቀረ። «ጋሽ ናሆምን…»

«ካረፈ ሃያ ስድስት ቀኑ» አለች ይርገዱ። «ግቢ፤ በር ላይ አትቁሚ።»

ገባች። ተቀመጠች። ጠርሙሱን የት እንደምታኖረው ጠፍቷት ጭኗ ላይ ያዘችው። ሐኪሙ የጻፈው ምክንያት እርጅና መሆኑን፣ ሁለት ቀን ብቻ መተኛታቸውን ይርገዱ ነገረቻት።

«ለሰፈሩ እድር ለምን አልተነገረም? አሥራ ሁለት ዓመት እኮ…»

«አትንገሪ ብሎኝ ነው። ‹ጠዋት ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ለእኔ ብሎ ሥራ አይፍታ› አለ።»

ከጎረቤት ግቢ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል።

«ከሰሉን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅ ትሆናለች ብዬ አስብ ነበር። ‹ያቺ ልጅ› ነበር የሚልሽ።»

«ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?»

ይርገዱ አሰበች። እንግዳዋ ውሸት የምትፈልግ ሴት አትመስልም። «‹ሥራዋን ትወዳለች› ይል ነበር። ሌላ ትዝ አይለኝም።»

«ልክ ነበሩ» አለች አሰገደች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ውሃው ላይ፣ አባትሽ ልክ ነበሩ። ይህንን ልነግራቸው ነው የመጣሁት።»

«እሱማ ያውቀዋል» አለች ይርገዱ። ማሽሟጠጥ አልነበረም፤ እንደ አንድ የቤት ነገር ነው ያለችው። ከዚያ ጠርሙሱን አየችው። «ለእሱ ነው?»

ብርጭቆ አመጣች። አሰገደች ልታስቆማት አልደፈረችም። ይርገዱ በቁሟ ጠጣችው፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ምንም አይልም» አለች። «ውሃ ነው።»

በአርባቸው የግራር ሥር ሰው በሁለት አውቶቡስ ዱከም ሄደ። እትዬ ሶሊያና ከሁሉ አብልጠው አለቀሱ፤ ውሸት አልነበረም። የሰው ምላስ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ መጀመሪያ የልጆቹ፣ ከዚያ የሴቶቹ። ሱቆቹ ጨው እንደገና በኪሎ ይሸጣሉ። ይህንንም ያየ የለም።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን በአሰገደች ስም ደብዳቤ መጣ። ከከተማው የውሃ ላቦራቶሪ ነው፤ ማኅተም አለው። ስለ ግራር ሥር ውሃ በላኩልን ናሙና ውስጥ፣ ይላል፣ በተለመደው መለኪያ የማይታዩ የመድኃኒት ስብርባሪዎች ከፍ ባለ መጠን ተገኝተዋል፤ የጣዕም ስሜትን እንደሚያጠፉ ተረጋግጧል፤ መደቡ ባስቸኳይ ይቀየር። ቀጥሎ፦ ጉድለቱን ከማንም በፊት ራስዎ ደርሰውበት በማሳወቅዎ፣ ለሙያዎ ያሳዩትን ታማኝነት ላቦራቶሪው ያደንቃል፤ ለከተማው የከሰል ሠሪዎች ሁሉ አርአያ ስለሆኑ የምስጋና ወረቀት ተያይዟል።

አሰገደች ምንም ናሙና አልላከችም። ስህተት ነው ብላ ልትመልሰው ስትል ከሥሩ የተያያዘውን ቅጽ አየች። የተሞላው በእጅ ነው፤ ወደ ቀኝ ያጋደለ ጽሕፈት፣ በየጠዋቱ የቦኖው መዝገብ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «በስሏል» ሲል የኖረ እጅ። ናሙናው የተቀዳበት ቀን፣ መጋቢት አምስት ሰባ አንድ። ጠረጴዛው ከመውጣቱ አሥራ አንድ ቀን በፊት ማለት ነው። የላኪ ስም፣ አሰገደች፤ ከነአባቷ ስም። ሥራ፣ ከሰል ሠሪ። ችግሩን ያገኘው ማን ነው በሚለው ላይ፣ «ራሴ»።

ቅጹ በስተመጨረሻ ውሃውን የቀመሰው ሰው ስምና ፊርማ የሚሞላበት ቦታ አለው። ባዶ ነው።